ሦስተኛው መስኮት ላይ ያስቀመጥኩት ካሽ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬ የትኬት ወረፋው ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ የጫማ ጠጋኙን ጃንጥላ ዞሮ ተመልሶ ወደ አዳራሹ ሊገባ ምንም አልቀረውም። አንድ ሰውዬ የወረፋውን መጨረሻ ሲፈልግ መጀመሪያውን አገኘና እዚያው ቆመ። ሊደበድቡት ነበር።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ለራሴ ስለምጽፍ የምዋሽበት ምክንያት የለም። የመናኸሪያው የዳታቤዝ ሠራተኛ እኔ ብሆንም ዳታቤዙን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው፤ እሱ አሁን ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል አሉ። አንዷ ትኬት ቆራጭ «ለነገ ጠዋት አውቶቡስ የትኞቹ ወንበሮች ነጻ ናቸው?» ብላ ቁልፉን ስትጫን፣ ዳታቤዙ የጉዞውን ሠንጠረዥ ከወንበሩ፣ የወንበሩን ከሽያጩ እያገናኘ፣ እያንዳንዷን ነገር ከዲስኩ እየለቀመ አስራ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስድስት መስኮት አለን። ስድስቱም ያንኑ ይጠይቁታል። ከደቂቃ በኋላም ያንኑ። እሱም አንድም ቀን «አሁን ነግሬሽ አልነበር?» ሳይል በየጊዜው ከሀ ይጀምራል።

እትዬ ቀጣይ ጠሩኝ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጠው «ቀጣይ!» ሲሉ ስለኖሩ ነው ስማቸው እንዲህ የቀረው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ ማሽንሽ አስቦ እስኪጨርስ ተሳፋሪው በእግሩ ይደርሳል።»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በሩ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይኼ አዳራሽ ይፈነዳል። ሦስት ሳምንት አለሽ» አለኝ። «አለን» አላለም። «አለሽ» ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

የንብ አርቢውን ምስጢር አገኘሁ። ዳታቤዝ በቅርቡ ያነበበውን ነገር ዲስኩ ላይ መልሶ እንዳይፈልገው ሚሞሪ ውስጥ አጠገቡ ያቆየዋል። ሰውዬው የመደበለት ሚሞሪ ግን የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ልክ ነው። አዲስ ሰርቨር ሲገዛ እንኳ አልነካካውም። አንዱን የመረጃ ገጽ ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት አለበት፤ ያስወጣውን ወዲያው መልሶ ይፈልገዋል። እንደ ጠባብ ኩሽና፣ ድስቱን ለማስቀመጥ ሳህኑን፣ ሳህኑን ለማስቀመጥ ድስቱን።

ሰፋ አደረግኩለት። አስራ አንዱ ሴኮንድ አራት ሆነ።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። «አራት?» አለ፣ ዕድሜውን እንደተነገረው ሰው። «ከአራት በታች የለም?»

አርብ፣ ሰኔ 7

አለ!

የተነበበውን ገጽ ሳይሆን መልሱን ራሱን ማስቀመጥ። መስኮቱ የጠየቀውን አንድ ጊዜ ዳታቤዙ ይመልስለታል፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ማንም ያንኑ ቢጠይቅ የተቀመጠውን መልስ እዚያው ማሽኑ ላይ ያገኛል። ዳታቤዙ አይረበሽም። መጀመሪያ አንድ መስኮት ላይ እሞክረዋለሁ። ከማንም ፈጣኗ እትዬ ቀጣይ ስለሆኑ በሳቸው።

ደስ ብሎኝ ኮሪደሩ ላይ ለኮሌጅ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ሦስተኛው መስኮት ላይ ካሽ ላስቀምጥ ነው!» አልኳት። ዘወር ስል የጥበቃ ሠራተኛው ቆሟል። ጫማውን አየ። እኔም ጫማውን አየሁለት። ንጹሕ ነበር።

ቤት ስገባ ለእማዬም ያንኑ ነገርኳት።

«የማን ካሽ?»

«የገንዘቡ አይደለም እማዬ። ስሙ ነው እንጂ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተገኘን መልስ አጠገብ አስቀምጦ፣ ያንኑ ለሚጠይቅ ሰው ሳይደክሙ መስጠት።»

«እሱንማ ስንት ዓመት ሠራሁበት» አለች። «አባትሽ ‹ምሳ ምንድን ነው?› ሲለኝ ድስቱን ሳልከፍት የትላንቱን ነበር የምነግረው።»

«ትክክል ይሆን ነበር?»

«አንዳንዴ።»

ሳቅን። እማዬ ስትስቅ አንድ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ሌላው እጇ ግን ሁልጊዜ ሰው ይመታል። ክንዴ ቀልቷል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

አቤት! አቤት!

ሦስተኛው መስኮት ቁልፉ ተጭኖ ጣት ሳይነሳ መልሱ ብቅ ይላል። «ቀጣይ! ቀጣይ! ቀጣይ!» የሳቸው ወረፋ ፀሐይ እንዳየው ጤዛ ጠፋ። ከሌላው መስኮት ሰው እየተሹለከለከ መጣ። እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ልጄ፣ ምን አብልተሽው ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

መረዋ የአውቶቡስ መነሻ የሚያስታውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ መረዋ ስለሆነ ማንም በሌላ ስም አይጠራውም። በድምፅ ማጉያ፣ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ሦስተኛው መስኮት ዛሬ ክንፍ አውጥቷል» ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ክፍሉ ድረስ ሄጄ አመሰገንኩት። ለሥራ ጉዳይ ነው የሄድኩት፤ ድምፅ ማጉያው ከሰርቨሩ ጋር አንድ መስመር ይጋራ እንደሆን ለማጣራት። አይጋራም።

ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው የሚያስፈልገን!» አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እማዬ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ለጎረቤት ጨርሳዋለች፤ ታችኛው ፎቅ ያሉት ሴትዮ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «አውቶቡስ አፈጠንሽ አሉ» አሉኝ። አላስተካከልኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ትንሽ ነገር። ለመጻፍ እንኳ የማትበቃ።

የጠዋቱ አውቶቡስ ላይ ወንበር አስራ ሰባት ሁለት ባለቤት ተገኘለት፤ አንድ ደልደል ያለ ነጋዴና የስፌት መኪና የታቀፈች ሴት። ሁለቱም ትኬት አላቸው። ሁለቱም ትኬት ላይ አስራ ሰባት ይላል። ሾፌሩ ወርዶ፣ «ወይ ተጋቡ ወይ አንዳችሁ ውረዱ» አለ። ሴትየዋ፣ «መኪናዬን ካላነሳልኝ አላገባውም» አለች። በመጨረሻ ነጋዴው ለቀጣዩ አውቶቡስ ተዛወረ።

የሴትየዋ ትኬት ከአንደኛው መስኮት ነው። የነጋዴው ከሦስተኛው። እትዬ ቀጣይ ትኬቱን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። «በሃያ ሰባት ዓመቴ እንዲህ ያለ አልሠራሁም» አሉ።

እሳቸውም ሰው ናቸው። ዕድሜም አለ። መነጽሩም ብዙውን ጊዜ ግንባር ላይ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

ዛሬ ሁለት ተደገመ። ወንበር ስድስትና ወንበር ሃያ ሁለት። ተጣድፌያለሁ፣ በኋላ እጽፋለሁ።

ጥበቃው ለጫማ ጠጋኙ ሲያወራ ሰማሁ፤ «ለዘመድ እያስያዙ መሆን አለበት።» ጠጋኙ፣ «ዘመዳቸው እንዲህ ከበዛ ራሳቸው አውቶቡስ አይገዙም?» አለው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ከእራት በፊት ተቀመጥኩ። እራት ቀረ።

የሽያጩን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። ወንበር ሃያ ሁለትን አንደኛው መስኮት የሸጠው ሦስት ሰዓት ከአስራ አራት ላይ ነው። ሦስተኛው መስኮት ደግሞ ሦስት ሰዓት ከአስራ ሰባት። ወንበር ስድስት፣ በመሃሉ አራት ደቂቃ። ወንበር አስራ ሰባት፣ ሁለት ደቂቃ። ሁሉም ከአምስት በታች።

አንደኛው መስኮት ወንበሩን ሲሸጥ ዳታቤዙ ያውቃል። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ያውቃሉ። ሦስተኛው ብቻ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተቀመጠለትን መልስ ይዞ «ነጻ ነው» ይላል። እትዬ የሚያዩት እሱን ነው። ዓይናቸው ምን ያድርግ?

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትኬቱ ሊቆረጥ ሲል ዳታቤዙ ያግደው ነበር። ከመሸጡ በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ «ይህ ወንበር አሁንም ነጻ ነው?» የሚል። ያችንም ጥያቄ ከተቀመጠው መልስ እንድታነብ አድርጌያታለሁ። እኔ። በገዛ እጄ። ግማሽ ሴኮንድ ለማትረፍ። በረኛው ዞር ብሎ ራሱን «ይግባ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ ጠዋት እናገራለሁ። በቃ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 19

አልተናገርኩም። ግን ምክንያት አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተውበት ነበር፤ ፍጥነቱን ሊያዩ። ሦስተኛው መስኮት ፊት አቁሞኝ፣ «ይህችን ልጅ እዩልኝ» አላቸው። በእንግዳ ፊት እንዴት ይነገራል? ነውር ነው።

ከእንግዶቹ በኋላ ደግሞ ምሳ ነበር። ከምሳ በኋላ እሱ ደስ ብሎት ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

መላ አገኘሁ። ለማንም ሳልነግር አምስቱን ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ዝቅ አደረግኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት መስኮት አንድ ወንበር የመሸጡ ነገር ብርቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ጠቅልሼ ላጠፋው እችል ነበር። ግን ፍጥነቱ ድንገት ቢጠፋ ሰው ይጠይቃል።

በእረፍት ሰዓት ከእትዬ ቀጣይ ጋር ተቀመጥኩ። ብርቱካን ልጠው እኩሌታውን ሰጡኝ። ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ይሆን እንዴ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ።

«መመርመሩ አይከፋም» አልኳቸው።

ይህንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። መመርመር በእውነት አይከፋም። ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚሉት ነው።

አርብ፣ ሰኔ 21

አንድም ወንበር አልተደገመም። አንድም! መረዋን ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው «ዛሬ ሰላም ነው» አልኩት። ሲያወራም እንደ ማስታወቂያ ነው የሚያወራው፤ «ሰላም መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» አለኝ።

ጉዳዩ ተፈቷል። ከእንግዲህ መናገር ሰውን ያለምክንያት ማስጨነቅ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጉድ ፈላ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስድስቱም መስኮት ያለ ትንፋሽ ነው የሚሸጠው። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አምስት ወንበር ተደገመ። ወንበር ዘጠኝ ላይ የእግር ኳስ ቡድን በረኛና የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተፋጠጡ። በረኛው «ቦታዬን አልለቅም፣ ሥራዬ ነው» አለ። ዳይሬክተሩ ሄደው ጭኑ ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ፣ «እኔ አርባ ዘጠኝ ሰው እንጂ በሰው ላይ ሰው አልጭንም» ብሎ ጥላ ሥር ጋደም አለ። ሰው ይጮኻል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ መረዋም «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ እባካችሁ አንዱ በአንዱ ላይ አትቀመጡ» እያለ ይማጸናል።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበረው። ከዚህ በኋላ የለውም።

ሥራ አስኪያጁ የተደገሙትን ትኬቶች ሰብስቦ አየ። ከየጥንዱ አንዱ ሦስተኛው መስኮት። ጥበቃውም ተጠግቶ፣ «ጌታዬ፣ ‹ሦስተኛው መስኮት ላይ ካሽ ላስቀምጥ ነው› ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለው። ማን እንዳለው አልተጠየቀም። እሱም አልተናገረም፤ እኔን ግን አየኝ። የማሽኑን ገመድ የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

የእትዬ ቀጣይን መሳቢያ በሰው ፊት ከፈቱት። ገንዘብ አልነበረም። መርፌና ክር፣ የብርቱካን ልጣጭ በወረቀት የተጠቀለለ፣ አንድ ፎቶግራፍና የዓይን ክሊኒክ ወረቀት። ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ሁለቱም ዓይኖች ጤናማ ናቸው።»

«እንግዲያማ» አለ፣ «ዓይን ካልሆነ እጅ ነው።»

እስከ ሐሙሱ ኮሚቴ ድረስ ከሥራ ታገዱ። መነጽራቸውን በስስት ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። ወረፋው ፊታቸው እንደቆመ ነበር። ከልማድ የተነሣ «ቀጣይ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት፤ ወጡ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

መረዋ ወደ ክፍሌ መጣ። መጥቶ አያውቅም።

«‹ሦስተኛው መስኮት ዝግ ነው› እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሳስታውቅ ዋልኩ» አለ። በተራ ድምፅ ነው የተናገረው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። «ያ ካሽ የምትዪው ነገር እዚያ መስኮት ላይ ብቻ ነው አይደል ያለው?»

«ሙከራ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እዚያ ብቻ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። በሩን እንደከፈተው ትቶት ሄደ። ተነሥቼ ልዘጋው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። መሳቢያውንም። ብርቱካኑንም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሳትስቅ። «እስካሁን ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለደብተሬ።»

«ሥራ አስኪያጁ ደብተሩ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ ያመሰገነኝ ነገር ነው። አንቺም ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረሻል።»

«እኔ እንዳወራሁት መልሼ አወራዋለሁ» አለች። «ደረጃ መውጣትና መውረድ ለጉልበቴ ጥሩ ነው ብሏል ሐኪሙ። አንቺ የራስሽን ደረጃ ውጪ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

እንደሆነው እንደሆነው ልጻፈው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ የጋራዡ ኃላፊ ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ዝምተኛ። አንደኛዋ ከሠራተኛ አስተዳደር ናት። ሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ራሱ። ጥበቃው ምስክር ሆኖ ቀርቧል። እትዬ ቀጣይ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሳልጠራ ገባሁ።

«ወንበሮቹን የደገምኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው ማሽኑ ያሳያቸውን ነው የሸጡት። ማሽኑ ያሳያቸው ደግሞ የቆየ መልስ ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ፣ «የጓደኛ ፍቅር ጥሩ ነው፤ ግን ማስረጃ?» አለ።

«አሳያችኋለሁ።»

ሁላችንም ወደ አዳራሹ ወረድን። በዚያ ሰዓት መስኮቶቹ ገና አልተከፈቱም። ሦስተኛው መስኮት ላይ የነጻ ወንበሮችን ዝርዝር አወጣሁ፤ ወንበር አስራ ሁለት ነጻ። ሁሉም አዩ። «አሁን ሊቀመንበሩ ራሳቸው አንደኛው መስኮት ላይ አስራ ሁለትን ይሽጡ። ከዚያ ተመልሰን ሦስተኛውን እንየው፤ አሁንም ‹ነጻ› ይላል» አልኩ፣ እርግጠኛ ሆኜ። ሌላ ሰው ቢነካው ማጭበርበር ይባላል ብዬ ነው እሳቸውን ያልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

ሊቀመንበሩ በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። ጣታቸውን አንሥተው ፊደሉን ይፈልጉታል፤ ሲያገኙት ይደሰታሉ፤ ከዚያ ይጫኑታል። የተሳፋሪ ስም በሚለው ቦታ የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ጻፉ። አያትየው ላይ ተሳሳቱ። አጠፉት። እንደገና። ልርዳዎት ልል አልችልም። በመጨረሻ ትኬቱ ወጣ፤ አንብበው ወደዱት፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና ወደ ሦስተኛው መስኮት በዝግታ ተራመዱ።

ቁልፉን ተጫንኩ።

ወንበር አስራ ሁለት፣ ተሽጧል።

ጥበቃው፣ «ማሽኑ ደህና ነው» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ጊዜው አልፎ ነው» አልኩ። «የተቀመጠው መልስ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ቆየን።»

የሠራተኛ አስተዳደሯ መዝገብ አገላበጠች። «ለሙከራው ያስገባሽው ደብዳቤ አምስት ደቂቃ ይላል።»

«አሳጥሬው ነው።»

«መቼ?»

ውሸት እዚያው ፊቴ ላይ ነበር፣ እጅ ብዘረጋ የምይዘው። ትላንት ልል እችል ነበር።

«ያለፈው ሐሙስ» አልኩ።

«እሳቸው የታገዱት ሰኞ ነው» አለች፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች።

«አዎ።»

ከኋላዬ የወንበር እግር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እትዬ ቀጣይ ተነሥተው መጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ ነው። ለሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ፣ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ቀጭን ሲሉኝ የኖሩ ሴት፣

«ሐሙስ ዕለት ያውቁ ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

ያውቁ ነበር። እኔን። «እርስዎ» ብለው።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምስት ደቂቃ አድርጊውና እንደገና እንየው» አሉ። አደረግኩት። ሦስተኛው መስኮት ላይ ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ። ሊቀመንበሩ አንደኛው ላይ ወንበር አስራ ሦስትን በአንድ ጣታቸው፣ ከነአያታቸው ጻፉ። ተመለስን። ሦስተኛው መስኮት «አስራ ሦስት፣ ነጻ» አለ። እትዬ ራሳቸው ተቀምጠው ቆረጡት። ሊቀመንበሩ ሁለቱን ትኬት በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ስለዚህ ይህች ሴት» አሉ፣ «በመሳቢያዋ ውስጥ ብርቱካን ብቻ ነው የነበራት።»

ሥራ አስኪያጁ መስኮት መስኮቱን ያያል።

እትዬ ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራ። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሦስተኛው መስኮት ላይ ከእሳቸው ጎን ረዳት ትኬት ቆራጭ። የመጨረሻውን ያሉት ሊቀመንበሩ ናቸው። «ሞተር ከነካሽ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ንጂው» አሉኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 30

ቅዳሜና እሑድን ስጠግን ቆየሁ። አሁን የትኛውም መስኮት አንድ ወንበር ሲሸጥ፣ በየማሽኑ የተቀመጠው የዚያ ጉዞ መልስ ወዲያው ይጣላል። ማየት ከተቀመጠው ይቻላል፤ ለመሸጥ ግን የግድ ዳታቤዙን መጠየቅ አለ። በሽያጩ ሠንጠረዥም ላይ ለአንድ ጉዞ አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ተጽፎ እንዳይገባ ሕግ አኖርኩ። ይቺ ሕግ አንድ መስመር ናት። ንብ አርቢውም አልጻፋትም፤ እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ አልጻፍኳትም።

ሽያጩ በግማሽ ሴኮንድ ዘገየ። ማንም አላወቀም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

እትዬ ከጎኔ ናቸው። «እባክዎ ወረቀቱን ያቀብሉኝ።» «እዚህ ጋ ይፈርሙ።» ተሳፋሪዎቹ የበላይ ኃላፊ እየመሰልኳቸው ይሰግዱልኛል።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ቀጣይ!»

አርብ፣ ሐምሌ 5

ትኬት መቁረጥ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? አንዱ መስኮት ጋ ይላል፣ አንዷ ጎማው ላይ አይሁን ትላለች፣ አንዱ የአማቱን ወንበር ከራሱ አርቀን እንድንሰጠው በሹክሹክታ ይለምናል። እትዬ የአውቶቡሶቹን ሁሉ ወንበር በቃላቸው ያውቃሉ፤ የትኛው እንደሚንሸራተት፣ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ። እኔ የማውቀው ቁጥራቸውን ነበር።

መረዋ ከላይ፣ «ሦስተኛው መስኮት ተከፍቷል» ይላል። በሰዓት አራት ጊዜ። ሌላውን መስኮት እንዲህ አይልም። ልብ ብዬ ቆጥሬ አይደለም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ዛሬ ከሰኔ ሃያ አራቱም ቀን የባሰ ሰው ነበር። ስድስቱም መስኮት አዲሱን ይዞ ይሠራል። አንድም ወንበር አልተደገመም፤ ግን እኔ እጄን ማመን አቅቶኛል። እያንዳንዱን ትኬት ከመቁረጤ በፊት «አንደኛ! ሃያ አንድን ሸጣችኋል?» ብዬ እጮኻለሁ። «ማሽኑ ምን ይላል?» ይሉኛል። ማሽኑ ነጻ ይላል። እኔ ግን አልቆርጥም።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከዘራ የያዙ። ወንበር አራት ነጻ ነው አልኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። እንደገና ፈተሽኩ። ነጻ። ዘወር ብዬ አንደኛውን መስኮት ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ከጎኔ እንደ ነጎድጓድ መጣ፤

«አንቺ ልጅ! አውቶቡሱ አንቺን አይጠብቅም! ነጻ ነው ካለሽ ነጻ ነው፤ ቁረጪላቸው!»

ቆረጥኩ። እትዬ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ቀጣዩን ሰው እየጠሩ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ሞልቶ ትኬቱን ስዘረጋ ቁጥሩ አልታይ አለኝ።

ሽማግሌው ትኬቱን ተቀብለው፣ ፊቴን አዩ፣ ትኬቱን አዩ፣ ጠጋ ብለው፣

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «ወንበሩ ያን ያህል መጥፎ ነው እንዴ?»